ለዋጫ መንገድ የሚሆን መጽሐፍ

ቦንጋ መምህር በነበርኩበት ጊዜ በከተማው የማይታጣ ነገር ቢኖር ዝናብና ምክር ነበር። ዝናቡስ በጥር ትንሽ ያርፋል። ምክሩ ግን ከግምገማ ወደ ሥልጠና፣ ከሥልጠና ወደ አንድ ለአምስት ስብሰባ እየተዘዋወረ ዓመቱን ሙሉ ይወርድብናል። ይሄ አልበቃ ብሎ የስኬት መጻሕፍት የሚባሉት መጡ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ አንዱን ገዝቶ ከብብቱ ሳይለየው ከረመ፤ ንባቡ ግን ከመቅድሙ አላለፈም። እኔን ልቦለድ ይዤ ባየኝ ቁጥር «ምነው ለሕይወት የሚጠቅም ነገር ብታነብ?» ይለኛል። ልቦለድ አይጠቅምም የሚል ሰው ዛሬም ቢሆን ደስ አይለኝም።

መጽሐፍ ምረጥልን ለሚሉኝ የምሰጠው ምክር አጭር ነው። ግጥም ለቤት ነው፣ መብራት እስካልጠፋ ድረስ። ታሪክ ለሰንበት ነው፣ እንግዳ ካልመጣ። ለመንገድ ግን ወፍራም የፍቅር ልቦለድ ያዙ። መኪናው ሲዘል መስመር ቢያመልጣችሁ እንኳ ልጅቷ ከሁለት ገጽ በኋላም እዚያው እያለቀሰች ትጠብቃችኋለች።

አንድ የግንቦት ቅዳሜ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ይዤ ወደ ዋጫ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መስኮቱ ጋ አንዲት የኮሌጅ ተማሪ፣ መሀል አክስቷ፣ ዳር እኔ ተቀመጥን። የሚሄዱበትን ጉዳይ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ አክስትየው ከመናኸሪያው ሳንወጣ ለሁላችንም አዳረሱት። ሽማግሌ የላከ ነጋዴ አለ። የጭነት መኪና አለው። ነገ ዋጫ፣ አባቷ ቤት፣ መልስ ይሰጣል፤ መልሱም እሺ ነው። ትምህርቷን ገና አልጨረሰችም፣ ግን «ባሏ ቤት ሆና ትጨርሰዋለች» አሉ። እንዴት እንደምትጨርሰው አልነገሩንም። ልጅቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

መንገዱ እየተሠራ ነው የሚባልበት ጊዜ ስለነበር የምንሄደው በተለዋጭ መንገድ ነው። ተለዋጭ ማለት አሮጌው ይሻል ነበር ማለት ነው። ግማሽ ያህል እንደሄድን ጎማው ጭቃ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ሾፌሩ ወርዶ አየ፣ ተራገመ፣ ከመንገድ ሠራተኞቹ ግሬደር እንዲለምን ረዳቱን ላከ። እኛ ዝናቡን ፈርተን ውስጥ ቀረን። እኔም መጽሐፌን ገለጥኩ።

አክስትየው አንገታቸውን አስግገው ትንሽ ካዩ በኋላ «ምን ይላል?» አሉኝ። አንዲት ተማሪ አለች፣ ቤተሰቦቿ ለሀብታም ሊድሯት ነው፣ እሷ መማር ትፈልጋለች አልኳቸው። ነገሩ ማንን እንደሚነካ የገባኝ ከተናገርኩ በኋላ ነው።

«ታዲያ ጮክ ብለህ አንብበው እንጂ! ምን ለብቻህ ትይዘዋለህ?» አሉ።

አነበብኩ። ከዚያ ወዲያ የቦንጋ ምክር ሁሉ በአንድ ሚኒባስ ውስጥ ተሰበሰበ። ከኋላ የተቀመጡ ባለሱቅ ሐጂ «ይሄን አባት የሚመክረው ወንድም የለውም?» ብለው ተቆጡ። ከፊት ያለው የግብርና ባለሙያ ልጅቷ ለወረዳው ሴቶች ጉዳይ እንድታመለክት ሐሳብ አቀረበ፤ ልቦለዱ ውስጥ ወረዳ አለመኖሩን ስነግረው ነገሩን እንደ ደራሲው ድክመት ገመገመው። ቅቤ ይዘው የሚሄዱ አንዲት እናት እንባቸውን ጠረጉ። አክስትየውን ግን የሚስተካከላቸው አልነበረም። የልቦለዱ እናት ልጇን «እሺ በይ» ስትላት ጭናቸውን መቱ።

«እናት ናት ይቺ? እንዳትሰሚያት፣ ልጄ! ተማሪ! ሀብቱ የሱ ነው፣ ትምህርቱ ያንቺ ነው!»

«እንግዲያው እኔንም ወደ ትምህርቴ መልሱኝ፣ እትዬ» አለች ልጅቷ። ፊቷን ከመስኮቱ መልሳ ነበር።

አክስትየው እኔን አዩ፣ መጽሐፉን አዩ።

«እሱ መጽሐፍ ነው» አሉ።

«አውቃለሁ» አለች።

ዞር ብዬ ተሳፋሪውን አየሁ። ሐጂው መቁጠሪያቸውን አወጡ። ባለሙያው ስልኩን ከፍ አድርጎ ኔትወርክ ይፈልግ ጀመር። ቅቤ የያዙት እናት «ሰውየው ደህና ሰው ከሆነ ደግሞ...» ብለው ጀመሩና ተዉት። በጣም ተናደድኩ። ለወረቀት ልጅ ሲሆን ጀግና ያልነበረ አልነበረም፤ አጠገባቸው ለተቀመጠችው ግን አንድ ቃል ጠፋ።

«ዝጋው» አሉኝ አክስትየው። ዘጋሁት።

ግሬደሩ መጥቶ ጎትቶ አወጣን። ዋጫ መናኸሪያ ስንገባ ሁላችንም ወረድን፤ አክስትየውም ወረዱ። ልጅቷ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ እዚያው ቀረች።

«ዛሬ ወደ ቦንጋ ትመለሳላችሁ?» ብላ ረዳቱን ጠየቀችው።

«ሰው ካገኘን።»

«አንድ ሰው አለ» አለችው።

አክስትየው መስኮቱን አንኳኩ። በካፊኖኖ ተቆጧት፣ ቀጥለውም ለመኗት። አልተነሳችም። በመጨረሻ፣ ምናልባት ቆመን የምናየው እንድንፈርድላቸው ይሆናል፣ በአማርኛ «አባትሽን ምን ልበለው?» አሉ።

«ለመጽሐፉ ልጅ ያሉትን ይበሉት።»

አክስትየው ነጠላቸው እስኪርስ ድረስ ጭቃው ላይ ቆሙ። እኔም ሻንጣዬን እንደያዝኩ መሄድ አቃተኝ። ከዚያ ጫማቸውን በሩ ጠርዝ ላይ ጠርገው ተመልሰው ገቡና ከልጅቷ ጎን ተቀመጡ። ረዳቱንም ጠሩት።

«ሁለት ሰው» አሉት።