ያልተቀባች መዳፍ

ቡታጅራ ውስጥ እትዬ አሚኔን የማያውቃት ተረከዙ ተሰንጥቆበት የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ጫካ ወርዳ ከጅረቱ ዳር እንሶስላ ትቆፍራለች። የምታምር ነጭ አበባ አለችው፤ እሷ ግን የምትፈልገው ሥሩን ነው። ወቅጣ ቀቅላ ለተሰነጠቀ እግር፣ በጣቶች መሃል ለሚበላ ቁስል ትለብጠዋለች። ያደረበት ቆዳ ቀልቶ ሳምንታት ይቆያል።

እኔ ግድግዳ የምጋራት ጎረቤቷ ነኝ፣ ልብስ ሰፊ። ደንበኞቼ ጂን አለባት ይሉኛል። ጂን አይደለም፣ እህቷ ናት፤ አርፋችሁ ልብሳችሁን ብትለኩ ምናለ!

ከሃያ ዓመት በፊት ታናሽ እህቷ መሕቡባ ሴት ልጅ ወለደች። አሚኔ አራሷን ብርድ እንዳይመታት ብላ እጅና እግሯን እንሶስላ ቀባቻት። በአራተኛው ቀን መሕቡባ ደም ይፈሳት ጀመር፤ አፍራ ነው መሰል፣ ትንሽ ነው አለችን። እኛ ሴቶቹ ደም ያነሰውን ሰው የምናውቀው መዳፉን አይተን ነው፤ ከነጣ እንደነግጣለን። የሷን ገልብጠን አየነው፣ ቀይ ነው። ደህና ናት አልን። እኔም ብያለሁ፣ አልዋሽም። ሐኪም ቤት ይዘናት የሮጥነው ራሷን ከሳተች በኋላ ነው። መንገድ ላይ አለፈች። አጥበን ስንከፍናት እንኳ መዳፏ እንደቀላ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አሚኔ ላይ የእንሶስላው አበባ ሽታ በበጋም ይመጣባታል። ቀን በቀን፣ እኔ ስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ፣ በግድግዳው በኩል ባዶ ቤት ውስጥ ስታወራ እሰማታለሁ። «መዳፍሽን አሳዪኝ እስቲ» ትላለች።

ያቺን ሕፃን፣ ሰልሚያን፣ ያሳደገቻት እሷ ናት። ለሌላው ሰው ሁሉ ስትቀባ የሷን ጣት እንኳ አስነክታ አታውቅም። ዘንድሮ ሰልሚያ ልታገባ ሆነና አክስቴ ካልቀባችኝ ማንም አይቀባኝም ብላ ድርቅ አለች። አሚኔ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። በአራተኛው ቀን ሥሩን ስትወቅጥ ሰማሁና ሄጄ ሳህኑን ያዝኩላት።

የልጅቷን ሁለቱን እግር ቀባች። ቀኝ እጇን ቀባች። ግራውን በነጭ ጨርቅ ጠቀለለችው። ሰልሚያ ተቆጣች፤ ሰው ምን ይለኛል፣ ግማሽ ሙሽራ ልታደርጊኝ ነው ወይ አለቻት።

«ይቺን ሁልጊዜም ለኔ ተዪልኝ» አለች አሚኔ። «ስትወልጂ መጥቼ የማያት እሷን ነው።»

ልጅቷ ጨርቁን ፈታ ያልተቀባችውን መዳፏን ዘረጋችላት፤ አሚኔም በሁለት እጇ ይዛ ብዙ አየቻት።