የይታይሽ ተራ

በረንዳዬ ላይ የባቡር ወንበር ተቀምጦ ከረመ። ሰው አገር ላገር የሚሄድበት ባቡር አይደለም። ከያቭነ ወዲህ ባለች ትንሽ የመጫወቻ ቦታ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል የሚወረወረው፣ እዚህ እስራኤል ራኬቬት ሀሪም የሚሉት፣ የተራራ ባቡር ነው። የወንበሩ ቀይ ቀለም ሲላጥ ከሥሩ ቢጫ አለ፤ ከቢጫው ሥር ደግሞ ሰማያዊ። ጡረታ እስክወጣ የዚያን ባቡር ሐዲድ ግራሶ ስቀባ ኖሬያለሁና ሦስቱንም ቀለም አውቃቸዋለሁ። ባለቤቴ ግን "ይሄን ቆሻሻ ካላወጣህልኝ እኔ እወጣለሁ" ትላለች። አላወጣሁትም። እሷም አልወጣችም።

ወንበሩን ያመጣልኝ ልጄ ጋዲ ነው። ቤኤር ቱቪያ፣ ፋብሪካው ሰፈር፣ በያጅ ነው። ባቡሩ አርጅቷል፣ ይታደስ ተብሎ ሥራው ለነሱ ደረሰ። አሮጌዎቹ ፉርጎዎች ለቁርጥራጭ ብረት ሊሄዱ ሲሉ አንዱን ወንበር ነቅሎ እዚህ ቂርያት ማላኪ ድረስ በመኪናው ጫነልኝ። "አባ፣ ዕድሜህን የጨረስክበት ነው፣ እንካ" አለኝ። ተጠግቼ ባሸተው ግራሶና ዝገት ሸተተኝ። ግን የመጣብኝ የሥራው ዘመን አልነበረም። የአባቴ ወናፍ ነው የመጣብኝ።

አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። ከጎንደር ወዲያ የመጣችሁ የኔ ዘመን ሰዎች ታውቁታላችሁ፤ እኛ ቤተ እስራኤሎች መሬት አልነበረንም፣ እጅ ነው የነበረን። ወንዱ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሴቷ ሸክላ ትሠራለች። ገበሬው ማረሻውን ከኛ ይወስድና ዘወር ሲል ቡዳ ይለናል። ቤታችን ከሰል ከሰል ይሸት ነበር። ጧት የሚቀሰቅሰን ዶሮ ሳይሆን የመስፉ ጩኸት ነው። የጋለ ብረት ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚወጣው ጭስ ጉሮሮ ውስጥ ይቀራል፤ የኔ ጉሮሮ ውስጥ እስካሁን አለ።

ከመንደሩ በላይ አንድ ትልቅ ሾላ ነበር። ዛፉ የባለርስቱ ነው፣ ጥላው የኛ። ከወፍራሙ ቅርንጫፍ አባቴ የሠራው የብረት ቀለበት ተሰቅሏል፤ ከቀለበቱ የቆዳ መጫኛ ይታሰርና ዥዋዥዌ ይሆናል። ክረምቱ መጫኛውን ስለሚያበሰብሰው፣ ዝናቡ አባርቶ መሬቱ ሲጠና ሁሉም ወርዶ ይታደሳል። አዲስ ቆዳ ይገመዳል፣ በሞራ ይታሻል፤ ለስንት ቀን እጃችን ቆዳ ቆዳ ይላል። ቀለበቱንም አባቴ እሳት ውስጥ አግብቶ ያየዋል፣ የሳሳውን ይቀጠቅጥና ይመልሰዋል።

ሕግ ነበረው። የወተት ጥርሱ ያልወለቀ ልጅ አይወጣም። ደግሞም ሠሪው ሳይቀመጥበት ማንም አይቀመጥበትም። "ወጥ የሠራች ትቅመስ፣ ገመድ ያሰረ ይቀመጥ" ይሉ ነበር ሽማግሌዎቹ። ስለዚህ በታደሰ ቁጥር እናቶች ሁሉ ቆመው እያዩ መጀመሪያ አባቴ ይወጣል። አባቴ ከባድ ሰው ነው፤ ከፍታ ደግሞ ይፈራል። ዓይኑን ጨፍኖ መጫኛውን አንቆ ይይዝና እኛ እንገፋዋለን። ሴቶቹ "አያ ደስታ፣ ጢምህን ያዘው፣ እንዳይወድቅ!" እያሉ ይሥቁበታል። ከዚያ በኋላ ግን ማንም ልጅ አይፈራም። እሱን የቻለ እኛን መቻሉ አይቀርም።

ታናሼ ይታይሽ ጥርሷ እምቢ ብሏት ሁልጊዜ ከታች ቆማ የወጪዎቹን ኩታ ትይዛለች። እቅፏ ሞልቶ ፊቷ አይታይም ነበር። በመጨረሻ በአንዱ ክረምት፣ በጭቃው መሐል፣ የፊት ጥርሷ ወለቀ። እንደ ወጉ ጣሪያ ላይ ወረወረችው። ከዚያ ወዲያ ጧት ጧት አባቴ ፊት ቆማ አፏን ትከፍታለች፤ "አባባ፣ ጥርሴ ወልቋል።" እሱም በጥቁር ጣቱ ድዷን ይነካና "ክረምቱ ይውጣ፣ ከልጆቹ የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ" ይላታል። እኔ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ታላቅ እያለ ታናሽ ይቀድማል እንዴ?

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የባለርስቱ ጥጃ ሞተ። ጥጃ ይሞታል። ሰውም ይሞታል። ሰውየው ግን ከበቅሎው ሳይወርድ ደጃችን ቆመ። "ልጆችህ ዛፌ ላይ ተሰቅለው በአጥሬ ላይ ያያሉ። ከብቴን በዓይናቸው ጨረሱት። ያንን ነገር አውርድ፣ ብረቱንም ማረሻ አድርገህ አምጣልኝ" አለ። ክረምቱን ሙሉ ዥዋዥዌው ላይ የወጣ ልጅ አልነበረም። ማን ይህን ይጠይቃል?

አባቴ አልተከራከረም። በሰው መሬት ላይ የተቀመጠ ምን ብሎ ይከራከራል? ወጣ፣ ቀለበቱን አወረደ፣ እሳት ውስጥ አገባው። ወናፉን የነፋሁት እኔ ነኝ። ሌላ ጊዜ ሲሠራ ያንጎራጉራል፤ ያን ቀን ከመዶሻው በቀር ድምፅ የለም። ቀለበቱ ቀላ፣ ተፈታ፣ ተዘረጋ፣ ሾለ። ይታይሽ ደፉ ላይ ተቀምጣ በደስታ ታየዋለች። የሚታደስ ነው የመሰላት፤ በየዓመቱ እሳት ይገባ የለ?

"አባባ፣ ተራዬ መቼ ነው?" አለችው።

"ነገ" አላት፣ ቀና ሳይል።

በማግስቱ ከሁላችን ቀድማ ተነሥታ ሾላው ሥር ተቀመጠች። እናቴ ትንሽ ተወቻት፤ ፀሐዩ ሲጠና ሄዳ አዝላ አመጣቻት። አላለቀሰችም። ቀለበቱ ማረሻ ሆኖ መሄዱን የነገራት የለም። አባቴ ከዚያ ወዲያ ዥዋዥዌ የሚባል ነገር በአፉ ሳይጠራ ኖሮ ሞተ፤ መቃብሩም እዚያው አገር ቀረ።

እኔና ይታይሽ ግን እዚህ ደርሰን አረጀን። እሷ ገደራ ናት። ባቡሩ ዘንድ ስሠራ በበዓል ልጆቿን ይዛ ትመጣ ነበር። እነሱ ሲወጡ እሷ ከታች ቆማ ቦርሳና ጫማ ትይዛለች። "አንቺም ውጪ እንጂ" ስላት "ዕቃውን ማን ሊይዝ አያ ካሳ?" ትለኛለች። ባቡሩ ሊታደስ ነው ብዬ ስነግራት ግን "እንግዲያው በአዲሱ እወጣለሁ" አለች። ልጅ ሆና ከለመነችው ወዲህ ለራሷ የሆነ ነገር ስትፈልግ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

እድሳቱ ሲጓተት መርሳት ጀመረች። መጀመሪያ ዕብራይስጡን ረሳች፣ ከዚያ የአውቶቡሱን መንገድ፣ ከዚያ የልጅ ልጆቿን ስም። ልክ እንደዚህ ወንበር ቀለም ከላይ ከላይ ተላጠች፤ ከሥር የቀረው የሾላው ዘመን ነው።

ሥራው ሲያልቅ ጋዲ ወስዶ አሳየኝ። ሐዲዱ ያው የኔው ሐዲድ ነው፤ ሌላው ሁሉ አዲስ። ባቡሮቹ ከውጭ አገር መጥተዋል፣ እንደ ድመት ድምፅ ሳያሰሙ ይሄዳሉ። ባቡሩ ድሮ የሚዞርበት፣ በረዶ መስሎ የተቀባው የጣውላ ተራራ ፈርሶ የዘንዶ ዋሻ ሆኗል። የዘንዶውን መንጋጋ የበየደው ጋዲ ነው፤ ከአፉ ጭስ ይወጣል። ሙከራውን ያደረጉት ውሃ የተሞሉ የፕላስቲክ ሰዎች አስቀምጠው ነው።

"ማን ቀድሞ ወጣ?" አልኩት።

"አሻንጉሊቶቹ፣ አባ።"

"ሠሪውስ?"

"ሠሪው ቢቱአሕ የለውም" ብሎ ሣቀ። ኢንሹራንስ ማለቱ ነው። እኔ አልሣቅሁም። ውሃ ምን ይፈራል?

ለሠራተኞች ቤተሰብ በተከፈተ ቀን ይታይሽን ከገደራ አመጣናት። ነጭ ነጠላዋን ለብሳለች። ሰልፉን ጨርሰን በሩ ላይ ስንደርስ ሰው የምታሳልፈው ልጅ አስቆመችን። ከኛው ልጆች አንዷ ናት። ሰሌዳውን አሳየችን፤ ልቡን ወይም ወገቡን የሚያመው፣ ዕድሜው የገፋ አይወጣም ይላል። እኔ ጮህኩ። ሐዲዱን ስቀባ የኖርኩ እኔ ነኝ፣ አንቺ ሳትወለጂ እዚህ ነበርኩ አልኳት። "ቤሰደር ሳባ፣ እሺ አያቴ፣ አትቆጣ፤ እኔ አይደለሁም፣ ሕጉ ነው" አለችኝ።

ሕጉ የሚለውን ቃል ስትሰማ ይታይሽ ወደፊት ቀረበች። "ጥርሴ ወልቋል እኮ" አለችና አፏን ከፈተችላት። ከፊት አንድም የላት። ሰልፉ ላይ ያሉት ልጆች ሣቁ። ልጅቷ አልሣቀችም፤ አማርኛው ሳይገባት አይቀርም። ይህን ሕግ ግን ከየት ታውቀዋለች? ባቡሩ ያለኛ ሄደ። ይታይሽ እጇን ዘርግታ የማታውቀውን ልጅ ቦርሳ ተቀበለችና ከታች ቆመች።

እልህ ያዘኝ። "ያላ፣ በል ያንን ወንበር አውርድልኝ" አልኩት ጋዲን። ባለቤቴ እልል አለች። ገደራ፣ ከይታይሽ ሕንፃ ጀርባ፣ ሾላ አለ፤ ይሄም አገር ሾላ ያበቅላል። ጋዲ እኔ በነገርኩት ልክ ቀለበት ሠራ፣ ወንበሩን በሰንሰለት ሰቀለው። ሕጉንም ነግሬው ነበርና እያጉረመረመ ተቀመጠበት። ያን የሚያህል ሰውዬ ሲወዛወዝ ቅርንጫፉ ጮኸ። ባለቤቴ "ሆድህን ያዘው፣ እንዳይወድቅ!" አለችው። ይታይሽ ሣቀች። ስትሥቅ ካየኋት ቆይቻለሁ። እጇን ያዝኩና "ነይ ይታይሽ፣ ተራሽ ደርሷል" አልኳት።

እጇን ቀማችኝ። ጋዲን ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው።

"ይሄ ማነው?"

"ሠሪው ነዋ።"

"ዋሾ!" አለችኝ፣ በዚያ በልጅነቷ ድምፅ። "አባባ ሳይቀመጥበትማ አልወጣም።"

ያኔ ሠሪው ነበረ፣ ቀለበቱን ቀሙን። ዛሬ ቀለበቱን የሚቀማን የለም፣ ሠሪው የለም። ሰንበት በወጣ ማግስት አውቶቡስ ይዤ ገደራ እሄዳለሁ። ሾላው ፊት አግዳሚው ላይ እንቀመጣለን። የሰፈር ልጆች ሊወጡበት ሲመጡ በአማርኛ ትቆጣቸዋለች፤ ቋንቋው ባይገባቸውም ይሄዳሉ። ባዶው ወንበር ነፋስ ሲነካው ሲጥ ሲጥ ይላል። ግራሶ ልቀባው እልና እተወዋለሁ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ እጅጌዬን ትጎትታለች።

"አያ ካሳ፣ አባባ መቼ ነው የሚመጣው?"

"ነገ" እላታለሁ፣ ቀና ሳልል።