ከግድግዳው ወዲያ የሚለቀቅ ውሃ

ሞያሌ፣ ኬንያ በኩል ማለቴ ነው፣ የልጄ ባል ሁለት ቤት በአንድ ግድግዳ አያይዞ ሠራልኝ። "አንዱ ለእርስዎ፣ አንዱ ለተከራይ፤ ብቻዎን አይሆኑም" አለኝ። ጥሩ ልጅ ነው፣ ወሬው ብቻ ይበዛል። ቤቱ ሲያልቅ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠና ልጄን ይዞ ናይሮቢ ገባ። ባለቤቴ ከሞተ ቆይቷል፤ ሹፌር ነበር፣ ከዲላ ያመጣኝም እሱ ነው። እና እኔ ከግድግዳው ጋር ቀረሁ።

የልጄ ባል ከሁሉ አብልጦ የኮራበት ሽንት ቤቱ ነበር። ከናይሮቢ በጭነት መኪና፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ሁለት አስመጣ፤ አንድ ለእኔ፣ አንድ ለተከራዩ። ነጭ ነው፣ ሙሽራ ነው የሚመስለው። ከኋላው ውሃ የሚይዝ ሳጥን አለው፤ የሳጥኑ ክዳን ላይ ደግሞ ክብ መጫኛ አለ፣ ለሁለት የተከፈለ፣ አንዱ ጎን ጠበብ ያለ፣ አንዱ ሰፋ ያለ።

የገጠመው ፉንዲ፣ እዚህ ባለሙያውን እንዲህ ነው የሚሉት፣ አማርኛ አያውቅም። የእኔ ስዋሂሊ ደግሞ ቲማቲም ለመግዛት ያህል ነው። ጠባቡን በጣቱ ነካ አድርጎ "ኪዶጎ" አለኝ፣ ትንሽ ማለቱ ነው። ሰፊውን ነካና "ኩብዋ" አለ፣ ትልቅ። የምኑ ትንሽ፣ የምኑ ትልቅ እንደሆነ ግን ለአሮጊት መንገር አፈረ። ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ ይሄ ይጠፋኛል? ገና ሳጥኑን ሲከፍተው ገብቶኛል። ግን ማን ይለቀዋል! "አልገባኝም" ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ቆቡን አውልቆ ላቡን ጠረገ። "ኩብዋ" አለ ደግሞ። "የምን ኩብዋ?" አልኩት። ቢቸግረው ጉልበቱን ሸብረክ አደረገ፣ ዐይኑን ጨፈነ፣ አንዴ አቃሰተ። ሳቄ አመለጠኝ። ያኔ ስቀልድበት እንደነበር ገባውና እሱም ሳጥኑን ተደግፎ ሳቀ። በዚያ ቤት ውስጥ ከሰው ጋር የሳቅኩት ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ረጅም ጊዜ አልሳቅኩም።

መጫኛው ሁለት የሆነው ለውሃው ተብሎ ነው። ትንሹ የሳጥኑን ግማሽ ይለቃል፣ ትልቁ ሙሉውን ያራግፈዋል። የእኛን ከተማ ውሃ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ቦቴ ያመጣዋል፣ ግቢ ያለው ሮቶ ውስጥ ይገለበጣል፣ ከዚያ አንዱን ሮቶ ሁለቱም ቤት ይጠጣዋል፣ ያጥብበታል፣ ይለቅበታል።

ከዚያ በፊት የነበርኩበት ግቢ አንድ ጉድጓድ ሽንት ቤት ለብዙ ቤት ነበር። በሩ ጆንያ ነው፣ መቀርቀሪያ የለውም። ስትሄጂ "እህህ" ትያለሽ፤ ውስጥ ሰው ካለ "እህህ" ይልሻል። ከዚያ ውጪ ቆመሽ ትጠብቂያለሽ፣ ሌላዋ ትመጣለች፣ ወሬ ይነሳል፣ የመጣሽበትን ትረሺዋለሽ። አዲሱ ቤት ከገባሁ በኋላ በራሴ ሳሎን አልፌ፣ የራሴን በር ስከፍት "እህህ" እላለሁ። ማን አለና ነው? አፌ ግን ለምዶታል። ከውስጥ የሚመልስ የለም።

ተከራዩ የመጣው ሞባይል ከተማችን የገባ ሰሞን ነው። ልጄ እሁድ እሁድ ትደውልልኛለች፤ "ደህና ነሽ እማዬ?" "ደህና" ስንባባል ካርዱ ያልቃል። እሱ ከወሎ የመጣ የፍየልና የግመል ነጋዴ ነው፣ ሃምሳን ያለፈ፣ ጢሙን በሂና ያቀላ፣ ሚስትና ልጆቹን አገሩ የተወ። ጎልቦ የሚባለው ቆላ ወርዶ ከአርብቶ አደሮቹ ይገዛል፣ መኪና ላይ ይጭናል። ሲያገኘኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "እንዴት አደሩ እማማ?" ይላል። "ደህና፣ አንተስ?" "አልሐምዱሊላህ።" አለቀ። ወሬ ልጀምር ስል ጀርባውን ነው የማየው። ዐይን አፋር ሰው ነው፣ ከእኔ ጋር እግዜር ምን ሊሠራ እንዳገናኘው እንጃ።

ግን ግድግዳው ስስ ነው። የልጄ ባል ብሎኬት ቆጥቦበታል። የሁለታችን ሽንት ቤት ጀርባና ጀርባ ስለሆነ እሱ ሲጫን እኔ ጋ ይሰማል። መጀመሪያ ቀን ደንግጬ ተነስቻለሁ። ኋላ ለየሁት። ትንሹ "ሽው" ብሎ ቶሎ ዝም ይላል። ትልቁ እንደ ጎርፍ ይወርድና ሳጥኑ እስኪሞላ ድረስ ሲያፏጭ ይቆያል። ከንጋት ሰላት በፊት ትንሹ። ሻይ ከጠጣ በኋላ ትልቁ። ከከተማ ሲገባ ደግሞ ትንሹ። እኔም እንዲህ ሆንኩ፤ ጠዋት ትልቁን ሳልሰማ ቁርሴን አልቀምስም። "አሁን ተነሳ" እላለሁ። "ዛሬ አረፈደ" እላለሁ። ለማን ነው የምለው? ለማንም። ግን ከወዲያ ሰው አለ።

የእኔን እሱ ይስማ አይስማ አላውቅም። ከሰማም ጨዋ ነው፣ ተናግሮ አያውቅም። ጨዋ ያልሆንኩት እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ከጎልቦ ቀትር ላይ ተመለሰ። በሩ ሲከፈት ሰማሁ፣ ወዲያው ትልቁ ወረደ። "እንኳን ደህና መጣህ" አልኩ በሆዴ። ሳጥኑ ሳይሞላ እንደገና። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ። እስከ መግሪብ ስድስት ጊዜ፣ ሁሉም ትልቁን! የግመል ወተት መሆኑ ገባኝ፤ ያልለመደው ሰው ትኩሱን ሲጠጣ እንዲህ ያደርጋል። ግድግዳውን ይዤ እየሳቅኩ ቁጭ አልኩ። ያንን ይዤ ማደር ከበደኝ፤ የምነግረው ሰው ቢኖር እኮ እዚያው ያልቅ ነበር።

ጠዋት ከበራችን ፊት ካለችው ግራር ሥር ነጋዴዎቹ ተቀምጠዋል፣ ጓደኞቹ ናቸው፣ እሱን ነው የሚጠብቁት። ወጣ። ፊቱ ገርጥቷል።

"እንዴት አደሩ እማማ?"

"እኔስ ደህና ነኝ፣ ሆድህ እንዴት አደረ?"

"ሆዴ?"

"ጎልቦ የግመል ወተት አጠጡህ አይደል? ትናንት ከቀትር እስከ መግሪብ ስድስት ጊዜ ትልቁን ተጫንክ! አንዴ እንኳ በትንሹ አትምረንም? ሮቶውን ጨረስክብን እኮ!"

ግራሩ ሥር ያሉት ፈነዱ። አንዱ ጭኑን እየመታ "ስድስት!" ይላል። ሌላው "ፍየሎቹንም እሳቸው ይቁጠሩልህ፣ አይሳሳቱም!" አለው። እኔም ከእነሱ ጋር ሳቅኩ፣ እንዴት ደስ አለኝ። ከዚያ ፊቱን አየሁት። ፈገግ ብሏል፣ ግን ፈገግታው ፊቱ ላይ የተለጠፈ ነው። ጆሮው እንደ ጢሙ ቀልቷል።

"ስለ ውሃው ይቅርታ እማማ" አለኝ። "እኔ አስሞላዋለሁ።"

ዛሬም ድረስ ይሄ ቃሉ ይከነክነኛል። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር። የዚያኑ ቀን ቦቴ ጠርቶ ሮቶውን እስከ አፉ አስሞላው።

ከዚያ በኋላ ግድግዳው ዝም አለ።

መጀመሪያ የሄደ መሰለኝ። ግን ሲወጣ አየዋለሁ፣ ሲገባ አየዋለሁ። ትንሹ የለም፣ ትልቁ የለም። በጆግ ቀስ እያደረገ ነው የሚያፈስሰው፣ ወይ መስጊድ ሄዶ ነው የሚመጣው። በሩን እንኳ እንደ ሌባ ነው የሚዘጋው። በገዛ ቤቱ፣ በከፈለበት ቤት፣ እኔ እንዳልሰማው ተደብቆ ይኖራል። ማንዳዚ፣ የዚህን አገር ቦምቦሊኖ፣ ጠብሼ ይዤለት ሄድኩ። "አላህ ይስጥልኝ" ብሎ ተቀበለኝ። በማግስቱ ሳህኑን አጥቦ፣ ተምር አድርጎበት በሬ ላይ አስቀምጦት ሄዷል። ጨዋነቱ ከግድግዳው የበለጠ ወፈረብኝ።

ወተት የምታመጣልኝ የቦረና ሴት አለች፤ አኮ ትለኛለች፣ አያቴ ማለቷ ነው። አንድ ጠዋት ወተቱን እየቀዳች "አኮ፣ ተከራይሽ ሄሉ ቤት እያየ ነው" አለችኝ። ሄሉ ሩቅ አይደለም፣ ከከተማው ተያይዞ ነው ያለው። ለእኔ ግን ያው ናይሮቢ ነው። ለልጄ ባል ሌላ ተከራይ ይመጣለታል። እኔ ሌላ ሰው አልፈለግኩም። የዚህን ሰው ጠዋትና ማታ ለምጄዋለሁ፣ ደግሞ ያባረርኩት እኔ ነኝ፣ በምላሴ።

ይቅርታ ልጠይቀው አሰብኩ። ግን ያዋረድኩት ሰው ፊት ነው፤ በር ዘግቼ ይቅርታ ብለው ምን ይጠቅመዋል? ስለዚህ የተዋረደበት ቦታ ሄጄ እኔም ልዋረድ አልኩ። በነጋታው ነጋዴዎቹ ግራሩ ሥር ሲሰበሰቡ፣ እሱም ዱላውን ይዞ መሀላቸው ቆሞ ሳለ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ።

"ያን ቀን በዚህ ሰውዬ ስትስቁ ነበር" አልኳቸው። "የእኔን ብትሰሙ ምን ልትሉ ነው? ትናንት የበቆሎና የባቄላ ንፍሮ በልቼ አራት ጊዜ ትልቁን ተጫንኩ። እሱ ሰምቶ ዝም አለ፣ ስላሳደጉት ነው። እኔን ማንም አላሳደገኝም።"

ሳቁ። ከመሀላቸው አንድ ሽማግሌ "ዛሬስ እማማ?" አለኝ።

"ዛሬ ገና ነው፣ ቀኑ ረጅም ነው!"

እንደገና ሳቁ። እሱ መሬት መሬት ያያል፣ ግን ጢሙ ሥር የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። እኔም ልብ ልብ አለኝ፣ ልጨምርላቸው ብዬ ቀጠልኩ። "ደግሞ ሰለለችኝ እንዳይል። እሱ ጎልቦ ሲወርድ ቤቱ ዝም ይላል። ያኔ ምን እንደማደርግ ታውቃላችሁ? ተነስቼ የራሴን እጫነዋለሁ፣ ሳልቀመጥበት! እንዲሁ ድምፅ እንዲኖር ብዬ።"

ያስቃል ብዬ ነበር። በእውነት ነው የምላችሁ፣ ለቀልድ ነው የተናገርኩት። ማንም አልሳቀም። ጭኑን ሲመታ የነበረው ሰውዬ ጫማውን ማየት ጀመረ። ሽማግሌው "አይ እማማ" አለ ቀስ ብሎ። እኔ ያንን ነገር ለራሴም ነግሬው አላውቅም ነበር። ቀሚሴ ገበያ መሀል የተቀደደ ነው የመሰለኝ። "በሉ፣ ፍየሎቻችሁ ይጠብቋችኋል" ብዬ ገባሁ፣ በሩን ዘግቼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ሊዋረድ የሄደ ሰው ተዋረደ፣ ምን ቀረኝ?

ሁለት ቀን ከግድግዳው ወዲያ ምንም የለም። በሦስተኛው ጠዋት መኪና በራችን ላይ ቆመ። በመስኮት ሳይ ሻንጣው ላዩ ላይ ነው፣ የሚሰግድበት ምንጣፍ ተጠቅልሎ ታስሯል። በቃ፣ ሄሉ ገባ አልኩ። ልወጣ አልፈለግኩም። ምን ብዬ ልሰናበተው ነው?

በሬ ተንኳኳ። ያ ሰው እኔን በር አንኳኩቶ አያውቅም።

"እማማ፣ ጎልቦ ልወርድ ነው" አለኝ ደጁ ላይ ቆሞ። ዐይኔን አያይም፣ የበሩን መቃን ነው የሚያየው። "ሦስት ቀን ነው። አርብ እመለሳለሁ።"

"ሄሉስ?" አልኩት፣ ሳላስበው።

ማን እንደነገረኝ አልጠየቀም። "አይቼው ነበር" አለ። "ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፣ ግቢው ሙሉ ሰው ነው። እዚያ የሚቆጥረኝ ይበዛል። እዚህ አንድ እርስዎ ብቻ ነዎት።"

እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "ደህና ይዋሉ እማማ" አለና መኪናው ላይ ወጣ። እኔ ምላሳሟ፣ ፉንዲውን በላብ ያጠመቅኩት ሴትዮ፣ አንድ ቃል አልወጣኝም።

ድምፁን አልመለሰልኝም፣ ይሄን ልንገራችሁ። እስከኖረ ድረስ በጆጉ እንዳፈሰሰ ነው፤ ያ የጠዋቱ ትልቁ ውሃ ዳግመኛ አልተሰማም። ሲሄድ ግን በር ያንኳኳል። "ሁለት ቀን ነው እማማ።" "ዘንድሮ ሳር የለም፣ ሳምንት እቆያለሁ እማማ።" ሲመለስም አንኳኩቶ "ገብቻለሁ" ይላል። ከዚያ ያለፈ ወሬ የለውም፣ እኔም አላስገደድኩትም። ቀሪውን ቀን ከራሴ ጋር ነው የምውለው።

ያን የመጀመሪያ ቀን ግን፣ መኪናው ከዐይኔ ከጠፋ በኋላ፣ እኩለ ቀን ላይ ሽንኩርት እየከተፍኩ ልመልስለት የሚገባኝ ነገር መጣልኝ። እንዴት ያለ ቀልድ መሰላችሁ! ብቻዬን ቢላውን አስቀምጬ ሳቅኩ። ቤት ውስጥ የምነግረው ሰው የለም። ማክሰኞ ነው። ረቡዕ በአፌ ይዤው ዋልኩ። ሐሙስ እንዳይጠፋኝ ደጋግሜ ለራሴ አልኩት። አርብ ከሰዓት መጥቶ "ገብቻለሁ እማማ" ሲለኝ፣ አንገቴን በበሩ አውጥቼ ግራሩ ሥር ማንም አለመኖሩን አየሁ፣ ከዚያ ነገርኩት።