ምሰሶ ከፎቶው ዳር

ሰፈሩ «ምሰሶ» ይለዋል። በየበሩ ጎንበስ ሲል ኖሮ፣ ከሰማይ በቀር ምንም በሌለበት ሜዳ ላይም ጎንበስ ብሎ የሚሄድ ፎቶ አንሺ ነው። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ያለው አንዲት ታናሽ እህት፣ የእሷ ባልና ሁለት ልጆች፣ ደግሞ አንዲት አሮጌ ካሜራ።

ስለ ካሜራዋ ሳልናገር አላልፍም! የምታይባት መስኮት ከላይ ጥግ ላይ ናት፤ ሌንሷ ደግሞ ሌላ ቦታ። ስለዚህ ሌንሱ ፊት የተጋረጠውን ነገር መስኮቷ አትናገርም። የሌንሱን ክዳን ረስተህ ብታነሳ እንኳ፣ እሷ ዓለሙን ፏ አድርጋ ታሳይሃለች።

ሌንሱ ሰፊ ነው፤ ግድግዳ ተደግፈህ የቤቱን ሰው ሁሉ ታስገባበታለህ። ሰፊ በመሆኑ ግን አመለኛ ነው። ፊቱ ላይ የተገጠመ ነገር ትንሽ ከረዘመ የፎቶውን ጥግ ያጠቁራል። ምሰሶ ደመናው ጎልቶ እንዲታይለት ሲፈልግ ቢጫ ፊልተር ይገጥማል። ፀሐይ ከጎን ስትመጣ ደግሞ ፊልተሩን አውልቆ የብረት ጥላ ይገጥማል፤ አለዚያ ብርሃኑ ሌንሱ ላይ ፈስሶ ምስሉን ያደበዝዘዋል። ሁለቱን ባንድ ላይ ግን በጭራሽ! ጥላው ከፊልተሩ በላይ ከዋለ ወደ ፊት ይወጣና ጥጉን ይበላል። ይህን እንኳን እሱ፣ ሱቁ ደጃፍ የሚቀመጠው ጫማ ጠጋኝም ያውቀዋል።

የእህቱ ባል ሥራው ወደ ሩቅ ከተማ ተዛወረ። ምሰሶ ሳምንቱን ሙሉ ዝም ብሎ የሚከርመው እሁድ እሁድ እነሱ ቤት ምሳ እየበላ ሊያወራ ነበር። በመጨረሻው እሁድ ዕቃው ታስሮ ግቢው ውስጥ ተደርድሮ አገኘው። እህቱ አልበሙን ከካርቶን አውጥታ ገለጠችው።

«ወንድምዓለም፣ ይሄን ሁሉ ያነሳኸው አንተ ነህ፤ አንተ ግን የታለህ? ልጆቼ አጎት እንዳላቸው በምን ያውቃሉ?»

«በድምፄ። ‹ፈገግ በሉ› የሚለው እኔ ነኝ።»

«ቀልድህን ተው! ዛሬ ከኛ ጋር ትቆማለህ።»

እሺ አለ። ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከተተ፣ ፀጉሩን በውሃ አራሰ። ደመናው ያምራል፤ ፀሐይዋ ከጎን ናት። ለማንም የማያደርገውን ለራሱ ፎቶ አደረገና ፊልተሩንም ጥላውንም ገጠማቸው። ምን ነካው? ደስታ ነዋ! በመስኮቷ ሲያይ ሁሉም ፏ ብሏል። ራሷ እንድታነሳ ቆጣሪዋን ስቦ ሮጠ።

«ሩጥ ምሰሶ! ለምን ይሆን ያ ሁሉ እግር?» ሳቀ አማቹ።

ዳር ላይ የተዉለት ቦታ ገብቶ እጁን የትንሹ ልጅ ትከሻ ላይ አሳረፈ። ቀጭ! ለጥንቃቄ ብሎ አንዴ ደገመው።

ፊልሙን ያጠበው በማግስቱ ሸኝቷቸው ከተመለሰ በኋላ ነው። ወረቀቱ ውሃው ውስጥ ቀስ እያለ ምስል አወጣ። እህቱ፣ አማቹ፣ ልጆቹ፣ ጥጥ የመሰለ ደመና። ከዚያ ጥጎቹ ጠቆሩ። አጭር ሰው ቢሆን ይተርፍ ነበር፤ እሱ ግን ከደረቱ በላይ የለም። የከተተው ሸሚዝና ልጁ ትከሻ ላይ ያረፈችው እጁ ብቻ ቀርተዋል። ሁለተኛውም እንደዚያው።

እህቱ ደወለች። «ፎቶውስ?»

«እ... እየደረቀ ነው።»

«ሳምንት ሙሉ? ምንጣፍ ነው እንዴ?»

ስልኩን ከዘጋ በኋላ ሱቁ ጭር አለበት። በቀጣዩ እሁድ ያንኑ ሸሚዝ ለብሶ፣ ካሜራውንና ማቆሚያውን ይዞ እነሱ ወደለቀቁት ቤት ሄደ። ያሰበው ቀላል ነው። ያንን ፎቶና ዛሬ የሚያነሳውን በአንድ ፖስታ ይልካል፤ ልጆቹ ጎን ለጎን ሲያዩዋቸው አጎታቸውን ከነራሱ ያገኙታል።

ባዶውን ቤት የሚጠብቁት ሽማግሌ ከፈቱለት። ማቆሚያውን ያኔ በነበረበት ቦታ ተከለ። ፊልተሩን ገጠመ፤ ጥላውን ኪሱ ውስጥ ተወው።

«አባባ፣ ባርኔጣዎን እዚህ ጋ ይያዙልኝ፤ ፀሐይዋን ከሌንሱ ይከልሉልኝ። ወደ ፊት ግን እንዳያልፍ።»

«ለባርኔጣዬም ሥራ ተገኘለት!» አሉ ሽማግሌው።

ምሰሶ ዞሮ ሌንሱን ከፊት አየው። የባርኔጣው ጥላ አርፎበታል፤ ጥጉን የሚጋርድ ነገር የለም። ቆጣሪዋን ስቦ ሮጠና ዳር ላይ ቆመ።

«ኧረ ልጄ፣ ብቻህን እኮ ነህ! ግቢው ሁሉ ያንተ ነው፤ ምን ዳር ለዳር ትላለህ? መሃል ግባ እንጂ!»

«መሃሉ ተይዟል፣ አባባ።»

እጁን ዘርግቶ የትንሹ ልጅ ትከሻ በነበረበት ከፍታ ላይ አቆማት። ጎንበስ አላለም። ካሜራዋ ቀጭ አለች።