የሚቸኩለው ካሴት

ባለፈው ሳምንት ከፒያሳ ወደ አዲስ ዓለም የወሰደኝ ባጃጅ ውስጥ አንድ የድሮ የእንግሊዝኛ ሮክ ዘፈን ተከፈተ። ባለባጃጁ ዘፈኑ ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላ የተወለደ ወጣት ነው፤ በፍላሽ ከጫናቸው ዘፈኖች መካከል ይህ እንዴት እንደ ገባ እሱም የሚያውቅ አልመሰለኝም፤ እኔ ግን ገና ከበሮው ሲመታ የወንበሩን ብረት ጨብጬ ቀጥ ብዬ ተቀመጥሁ። ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። ፍጥነቱም ትክክለኛው፣ ዘፋኞቹ ራሳቸው የተጫወቱበት ፍጥነት ነው፤ ይህን ጎንደር ውስጥ ከእኔ በላይ የለካ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሆኖም እስከ ዛሬ ድረስ ትክክለኛው ይዘገይብኛል። ወጣቱን ትንሽ ፈጠን አድርገው ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ባጃጁን ማለቴ መስሎት ቁልቁለቱ ላይ እንዳይፈጀን ፈርቼ ተውሁት።

ያደግሁት አዲስ ዓለም፣ ከመስጊዱ ብዙም በማይርቅ የድንጋይ ቤት ውስጥ ነው። አባቴ ቅዳሜ ገበያ ጨርቅ ይነግድ ነበር፤ ቁመቱ ረጅም፣ ንግግሩ አጭር፣ በሰፈሩ ቃሉ የሚታመን ሰው። ቤታችን ውስጥ ከሰው ሌላ የሚናገሩ ሁለት ዕቃዎች ነበሩ። አንደኛው የአባቴ ራዲዮ ነው፤ ቡናማ የቆዳ ልብስ ለብሶ ከራስጌው የማይለይ፣ እኛ ልጆቹ አቧራውን እንድንጠርግ እንጂ ቁልፉን እንድንነካ የማይፈቀድልን። ሁለተኛው የታላቅ ወንድሜ የያሲን ቴፕ ነበር፤ እጀታው የተሰበረ፣ የካሴት መክደኛው በላስቲክ የታሰረ። ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ ዓይነት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ፣ በአራት በአራት ፍሬ ነው። ያን ጊዜ ድንጋይ ደከመ ተብሎ አይጣልም፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። የግቢያችን ካብ ላይ እንደ በርበሬ ተሰጥቶ ሲሞቅ ይውልና ጥቂት ነፍስ ይዘራል፤ ሲደክም እንደገና ይሰጣል፤ ጭራሽ ሲሞት በጥርሱ ነክሶ የሚሞክረውም ሰው ነበር። ዛሬም በፀሐይ የጋለ ቆርቆሮ ሲሸተኝ የሚመጣብኝ ያ ካብ ነው።

ደርግ ከወደቀ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ያሲን አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ እኔ ዘጠኝ። የሮክ ፍቅር የያዘው ከጎረቤታችን ከአያ ወርቁ ቤት ነው። አያ ወርቁ በጃንሆይ ጊዜ በጎንደርና በአስመራ መካከል የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ፣ ጡረታ ሲወጡ ከሥራቸው የተረፋቸው አንድ ሸክላ ማጫወቻና አስመራ ከነበሩ አሜሪካኖች የገዙት አንድ ሸክላ የሆነ ሰው ነበሩ። ሽፋኑ ላይ ጠጉራቸው ትከሻቸው የደረሰ አራት ጢማም ጎረምሶች ግንብ ላይ ተቀምጠው አኩርፈዋል። አያ ወርቁ ከእንግሊዝኛው አንድ ቃል አይገባቸውም፤ «ይሄ ዘፈን ሊማሊሞን ለመውጣት ነው የተሠራው፤ ማኪናው ሲያቃስት አብሮ ያቃስታል» ይሉ ነበር። ያሲን ያን ሸክላ በካሴት ለመቅዳት ስንት ወር ተመኘ። ችግሩ አያ ወርቁ ቤት ያለው ሶኬት አንድ ብቻ መሆኑ ነው፤ ሸክላ ማጫወቻው ሶኬቱን ሲይዝ አጠገቡ ተቀምጦ በራሱ ማይክ የሚቀዳው ቴፕ በድንጋይ መሥራት አለበት፣ የያሲን ድንጋይ ደግሞ ዘወትር ከካቡ ላይ የሚነሣ የደከመ ድንጋይ ነው።

የቀዳው በረመዳን መጨረሻ ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር። ቀኑን የመረጠው ለክፋት አልነበረም፤ አያ ወርቁ በማግሥቱ ደባርቅ ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ስለ ነበር ነው። እኔ በራፍ ላይ ስጫወት አራት ድንጋይ በሁለት እጁ አቅፎ፣ ቴፑን በብብቱ ይዞ ሲወጣ አየሁት። በዓይኑ ጠቀሰኝና አለፈ።

በየዓመቱ በዚያች ምሽት፣ ጾም እንደ ተፈታ ሰፈሩ በሙሉ ወደ እኛ በር ይመጣል። ጨረቃ ታይታ ዒድ ነገ መሆኑን የሚናገረው የአባቴ ራዲዮ ነበር፤ በዚያ ዓመት ደግሞ ሰማዩ ደመና ስለ ለበሰ ዓይን የሚያምነው ነገር አልነበረም። ወንዶቹ ደጃፉ ላይ ቆሙ፣ ሴቶቹ ከካቡ ወዲያ ተደረደሩ፣ አባቴ ራዲዮኑን በሁለት እጁ ይዞ ወጣና በርጩማ ላይ አስቀምጦ ቁልፉን አዞረ። ምንም። ጎኑን መታ መታ አደረገው። ምንም። አንድ ሰው ሳል ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ፤ አባቴ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንደዚያ ሲያፍር አይቼው አላውቅም።

«ድንጋዩን በረመዳን መግቢያ ነው የቀየርሁት» አለ። «ማነው የነካው?»

ያሲን አያ ወርቁ ቤት ዘፈን ሲቀዳ መዋሉን የማያውቅ አልነበረም። አባቴ ወደ እኔ ዞረ፤ ልጅ አይዋሽም ብሎ ይሆናል። «አንቺ፣ ያየሽው ነገር አለ?»

«ያሲን ድንጋይ ይዞ ሲወጣ አይቻለሁ» አልሁ። እውነቴን ነበር።

«የራሴን ነው አባ፣ ከካቡ ላይ ያነሣሁትን። ወላሂ የአንተን አልነካሁም» አለ ያሲን።

«በጾም አፍህ ዘፈን ስትቀዳ ዋልህ፤ ሳይበቃህ ትምላለህ? እኔ ዋሾ ልጅ የለኝም።»

ሰዉ እያፈረ ተበተነ፤ ዒድ ነገ መሆኑን ከሌላ ሰፈር ሮጠው ነው የሰሙት። በዒዱ ቀን አባቴ አጥፍቻለሁ ሳይለኝ ከማዕዴ አይቀርብም አለ፤ ያሲን ያላጠፋሁትን አጥፍቻለሁ አልልም አለ፤ እናቴ በሁለቱ መካከል ሳህን ይዛ ስትመላለስ ዋለች። በሦስተኛው ቀን ያሲን በሰሊጥ ነጋዴዎች መኪና መተማ ወረደ፣ ከዚያም ሱዳን ገባ። ቴፑንና ካሴቱን ለእኔ ትቶልኝ ነበር። ያን ያደረገው እኔ ከመሰከርሁበት በኋላ መሆኑ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እናቴ አዲስ ድንጋይ ገዛችልኝና ካሴቱን አብረን መስማት ጀመርን። ጢማም ነው ብሎ ያሲን የነገረኝ ዘፋኝ በቀጭን ድምፅ የምትጣደፍ ሴት ሆና ተገኘች። በመጀመሪያው ዘፈን ሴትነቷ ያጠራጥራል፤ እየቆየ ትቀጥናለች፣ በመጨረሻው ዘፈን ላይማ አውቶቡስ ያመለጣት ትመስላለች። እናቴ «ምነው ይቺን ልጅ ማን አስለቀሳት» ትል ነበር። ከመጨረሻው ዘፈን ሥር፣ ከጊታሩ ኋላ፣ የሆነ ልጅ ከሩቅ ይጮሃል፤ የዘፈኑ ክፍል ነው ብለን ተውነው። ካሴቱ ሲጨማደድ በእስክሪብቶ እያጠነጠንሁ፣ ቴፑን በጥጥና በሽቶ እየጠረግሁ አሳደግሁት። የሚገርመኝ፣ ያሲን ስለ ዘፋኙ እንኳ እውነቱን እንዳልነገረኝ ቆጥሬ ትንሽ ተቀይሜው ነበር።

ኮሌጅ ገብቼ ፊዚክስ ስማር፣ አንድ ከሰዓት መምህሩ ኤሌክትሪክ ሲያንስ ሞተር እንደሚያዘግም ሲያስረዳ እርሳሴ ከእጄ ወደቀ። የደከመ ድንጋይ ያለው ቴፕ ሲቀዳ ክሩን እያንቀራፈፈ ይስባል፤ ያ ካሴት በኋላ በጤነኛ ድንጋይ ሲከፈት ይሮጣል። ድንጋዩ እየደከመ በሄደ ቁጥርም የተቀዳው ሁሉ የባሰ ይሮጣል። ያሲን የአባቴን ድንጋይ፣ ገና ወር ያልሞላውን፣ ወስዶ ቢሆን ኖሮ የእኛ ዘፋኝ ሴት አትሆንም ነበር። ካሴቱ ራሱ ምስክር ነው። እኔ በአንድ ቃል የጣልሁትን ወንድሜን በዚህ ካሴት ሳላነሣው እንደማልቀር ያን ዕለት ወሰንሁ።

ለዚህ ግን ትክክለኛው ፍጥነት የቱ እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። ጎንደር ተመልሼ ሁለተኛ ደረጃ ማስተማር ከጀመርሁ በኋላ ያን አልበም በየመልኩ ማደን ያዝሁ። መጀመሪያ ያገኘሁት ከፒያሳ ካሴት ቤት ያስቀዳሁት የቅጂ ቅጂ ነበር፤ ዘፋኙ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚዘፍን ይመስላል፣ የሚሰማው የቤዙ ውቂያ ብቻ ነው። ቀጥሎ የታተመ ሽፋን ያለው ኦርጅናል ካሴት ከአንድ ባሕር ዳር ያለ ነጋዴ አስመጣሁ፤ የከበሮው ሳህን እንደ ሳንቲም ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ነገር ግን የዘፈኖቹን ተራ አዘበራርቀው የመጨረሻውን ከወገቡ ቆርጠውታል። ከዚያ አንዲት ባልደረባዬ ከአዲስ አበባ ሲዲ አመጣችልኝ፤ እሱ ሁሉንም ነገር ያሰማል፣ ጊታር መቺው ጣቱን ሲያንሸራትት ጭምር፤ ግን ጮክ ብሎ ጀምሮ ጮክ ብሎ ይጨርሳል፣ ቀስ ማለትና ዝም ማለት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። በመጨረሻ ሸክላውን ራሱን አገኘሁት። አያ ወርቁ ዐርፈዋል፣ ባለቤታቸው የውሃ ጋን ከድነውበታል፤ እርጥበቱ አጣሞት መርፌው ይዘላል፣ በሚዘልባቸው ቦታዎች መካከል ግን ከሁሉም የበለጠ ሰው የሚመስለው ድምፅ የእሱ ነው። በአራቱም ላይ ዘፋኙ ወንድ፣ ያውም ጎርናና ወንድ ነበር። ሰዓቴን ይዤ እያንዳንዱን ዘፈን በደብተር ለካሁ፤ ከተቆረጠውና መርፌው ከሚዘልበት ቦታ በቀር አራቱ ተቀራራቢ ናቸው፣ የያሲን ብቻ ከዘፈን ወደ ዘፈን እያጠረ ይሄዳል። ደብተሬን ይዤ አባቴ ፊት ቀረብሁ።

አባቴ መነጽሩን አድርጎ ደብተሩን በትዕግሥት አየው። «የወርቁ ሸክላ ማጫወቻ ታሞ እንደሆነስ?» አለና ደብተሩን መለሰልኝ። እናቴ አጠገቡ ተቀምጣ መቁጠሪያዋን ትቆጥር ነበር፤ ቀና ብላ አየችኝና እንደገና አቀረቀረች። እሷ በዓመቱ ሞተች፣ ያሲን በስልክ ተረዳ። እሷ በሕይወት ሳለች አልፎ አልፎ ይደውል፣ በሚመላለሱ ነጋዴዎችም በኩል ለእሷ ሻርፕ፣ ለእኔ ሽቶ ይልክ ነበር፤ አባቴን ግን በስም እንኳ አይጠራውም።

ያቺን የአባቴን ጥያቄ ሁለት ዓመት ተሸክሜያት ዞርሁ፤ አስተማሪ ነኝና ትክክለኛ ጥያቄ መሆኗን መካድ አልቻልሁም። መልሱን ያገኘሁት አምስቱንም እያፈራረቅሁ የመጨረሻውን ዘፈን ስሰማ ነው። ከጊታሩ ኋላ የሚጮኸው ልጅ ሲዲው ላይ የለም። ሸክላው ላይም የለም። ያ ድምፅ ከዘፈኑ አልነበረም፣ ከአያ ወርቁ መስኮት የገባ ነው። ድንጋዮች ካቡ ላይ እያሰጣሁ፣ አንዱን ጥዬ ሌላውን እየሞከርሁ፣ የያሲን ቴፕ እንደዚያ ቀን የሚያዘግምባቸውን አራት ደካማ ድንጋዮች ስፈልግ ሳምንት ፈጀብኝ። አገኘሁና ቴፑን አባቴ ጉልበት ላይ አድርጌ የመጨረሻውን ዘፈን ከፈትሁለት።

ጢማሙ ጎረምሳ በጎርናና ድምፁ ተንጎራጎረ። ከኋላው ከሩቅ፣ በገዛ ድምፃቸው፣ ከሞቱ ስንት ዓመት የሆናቸው የመስጊዳችን ሙአዚን ሸህ ሙሳ የከሰዓት በኋላውን የሶላት ጥሪ፣ የአስርን አዛን አሉ። አባቴ ሸህ ሙሳን አርባ ዓመት ሰምቷቸዋል፤ እጁ ቴፑ ላይ ቀረ። ሸክላ ማጫወቻ ቢታመም ዘፈኑን ያበላሻል እንጂ የሸህ ሙሳን ድምፅ አያቀጥንም፤ ይህን ላስረዳው አፌን ስከፍት በእጁ አስቆመኝ።

«ተይው ዘይኑ። ገብቶኛል» አለ። ቴፑን ዘጋና «ድሮም አውቃለሁ» አለ።

እንደ ነገረኝ፣ በዚያ ረመዳን ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ራዲዮኑን ከፍቶ ጋደም ይል ነበር፤ ጣቢያው ሲዘጋ ራዲዮኑ ዝም ይላል፣ እሱም ጾሙ ደክሞት ይተኛል፣ ቁልፉ ግን እንደ ተከፈተ ይውላል። ይህ ትዝ ያለው በዒዱ ማግሥት ነው። ያሲን ያን ጊዜ ገና ቤት ነበር።

«ታዲያ ምነው ሳትነግረው ቀረህ?» አልሁ፤ በሕይወቴ አባቴን የተቆጣሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ሰው ፊት ነው የተናገርሁት። ብቻውን ጠርቼ ብመልስለት ምን ይረባዋል? ሰው ፊት ደግሞ አቃተኝ። ነገ ነገ ስል እሱ ሄደ።»

ለአንዲት ቃል ስንት ዓመት ካሴት ሳሳድድ ኖሬ ቃሏ ከአልጋው ሥር፣ አባቴ ዘንድ ተቀምጣ ኖራለች። አልተውሁትም። «እንግዲያው ሰው እንጠራለን» አልሁት። ያን ዓመት ረመዳን ሲያበቃ፣ በየቤቱ ቴሌቪዥን እያለ፣ የአባቴን ራዲዮ በርጩማው ላይ አወጣሁና በዚያ ምሽት በራችን ላይ ቆመው የነበሩትን ሁሉ በየቤታቸው ሄጄ ጠራሁ። ሁሉ ማለቴ አራት ሰዎች ናቸው፤ ሦስት አሮጊቶችና በምርኩዝ የመጣ አንድ ሽማግሌ። የቀሩት መቃብር ናቸው፣ እናቴ ጭምር። ባዶውን ካብ ሳየው አባቴ ያሳለፋቸው አሥራ አምስት ዒዶች ምን ያህል ሰው ይዘው እንደ ሄዱ በዓይኔ ቆጠርሁ። በኋላ አባትና ልጅ በየዒዱ ይደዋወሉ ነበር፤ ያሲን ተሳክቶለት ጎንደር የገባው ግን አባቴ ከተቀበረ በአርባኛው ቀን ነው፤ ስለዚህ ፊት ለፊት የተነጋገሩት የመጨረሻ ቃል ያው የበራፉ ቃል ሆኖ ቀርቷል።

ያን ምሽት ግን ካርቱም ደውዬ ስልኬን ከራዲዮኑ አጠገብ ድምፁን ከፍ አድርጌ አስቀመጥሁት። አባቴ ተነሥቶ ቆመ። «ያሲን አልዋሸም። ራዲዮኑን ከፍቼ የተኛሁት እኔ ነኝ። ዋሾ ያልሁት እዚህ ቆሜ ነው፣ የምመልሰውም እዚሁ ቆሜ ነው። አፉ በለኝ ልጄ» አለ፤ በአጭሩ፣ እንደ ልማዱ። ከአሮጊቶቹ አንዷ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ወደ ስልኩ ጎንበስ ስል የወንድሜ ድምፅ መጣ፣ ጎርናና፣ የሰው አባት የሆነ ሰው ድምፅ።

«አባ፣ ጨረቃዋ ታየች?»

አባቴ ወደ ሰማይ ሳይሆን ወደ ስልኩ ነበር የሚያየው።

«ታየች ልጄ» አለ።