የተመነጠረው መሬት

"እማዬ፣ ይሄ የማር ቆራጭ ጭስ አይደለም" አለችኝ ልጄ። ቀና አልኩ። የማር ቆራጭ ጭስ ቀጭን ነው፣ ከዛፉ አይርቅም። ይሄኛው ከሣሩ ሥር ተነሥቶ ወደ እኛ ይመጣ ነበር። እኛ ያለነው ከከለልነው ደን መሃል ነው።

የሦስት ቀበሌ ደን መልሶ እንዲያገግም የተቋቋመው ማኅበር ሰብሳቢ ያደረገው እኔን ነው፣ ከአራተኛ ክፍል ያቆምኩትን። በእኛ አገር ቡና ያለው ሰው በየዓመቱ ከቡናው ሥር ያለውን ሁሉ ይመነጥራል፤ የቀረሮና የዋንዛ ችግኝም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ በከለልነው ቦታ ገጀራ እንዳይገባ ከለከልኩ። በሦስት ዓመት ችግኙ ወገቤ ደረሰ፣ ሣሩ ግን ከራሴ በላይ ሄደ። በበጋ ይነድዳል ብሎ የነገረኝ የለም ብል ውሸት ነው። ከጎናችን ቡና ያላቸው ሽማግሌ ነግረውኛል። እኔ ግን ድንበር አልፈው መነጠሩ ብዬ ቀበሌ ከሰስኳቸው።

የልጄን እጅ ይዤ ስሮጥ ከጭሱ ማዶ በኦሮምኛም በአማርኛም "ኮቱ! ወዲህ ነይ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። የእሳቸው ነበር። ድምፃቸውን ተከትለን ቡናቸው ውስጥ ወደቅን። መሬቱ ጥርግ ያለ ነው፣ አንድ ሣር የለበትም። እሳቱ ዳሩ ላይ ሲደርስ የሚበላው አጣ።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ ልጄን አይተው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ሰብሳቢዋ፣ ዛሬስ ምንጣሮ ክልክል ነው?"

"ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ" አልኩ።

ከኋላችን የሦስት ዓመት ችግኝ ይንጣጣ ነበር። እንደገና እንከልል ብል ማን ይሰማኛል? እኔም አልልም። ልጄን ዳበስኳት፤ አልተቃጠለችም። ተርፈናል።