ከቆቃ እስከ አዳማ በጀርባው

ከቆቃ የወጣሁት አመሻሽ ላይ ነው። ታናሽ ወንድሜ ግርማ ሻንጣዬን ጫነልኝና «እትዬ፣ እዚህ ሆነሽ ስለ ሟቹ ባልሽ ስታብሰለስዪ ትሞቻለሽ። ልጅሽ ጋ ሄደሽ እረፊ» አለኝ። አምኜው ሄድኩ።

ልጄ ሰላም የምትኖረው ጀርመን፣ ሽቱትጋርት ነው። የቆቃን ዓሣ ለለመደ ሰው የዚህ አገር ዓሣ ራስም አጥንትም የለው፤ በካርቶን ይመጣል። ሽሮ ስሠራ አከራያችን ደረጃውን ሮጦ ወጥቶ «ምን ተቃጠለ?» ይላል። ሰላም «ምሳ ነው» ትለዋለች። እስካሁን አላመነም።

እዚህ መንጃ ፈቃድ የሚያወጣ ሰው «ኤርስተ ሂልፈ» የሚሉትን የመጀመሪያ ዕርዳታ መማር አለበት። ሰላም ተምራ መጥታ በእኔ ላይ ትለማመድ ጀመር።

«እማዬ፣ አገጭሽ ተወግቶ ደም ወደ አፍሽ ቢፈስ፣ እንዲህ ወደ ፊት ጎንበስ ብለሽ ትቀመጫለሽ። በጀርባሽ ካስተኙሽ ደሙ መተንፈሻሽን ይዘጋዋል።»

ከዚያ እጇ ትከሻዬ ላይ ቀረ። ሁለታችንም ያሰብነው አባቷን ነው።

ባለቤቴ ታደሰ ጋራዡ ውስጥ ብረት ሲቆርጥ የመቁረጫው ዲስክ ተሰብሮ ስባሪው ከአገጩ ሥር ገባ። ስደርስ ክርኑን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ ጎንበስ ብሎ ተቀምጧል። ደሙ ከአፉ መሬት ላይ ይንጠባጠባል፤ ግን ይተነፍሳል። ቀና ብሎም አይቶኛል። ሊወስዱት ባመጡት መኪና ልገባ ስል ግርማ ከሁለት የጋራዡ ልጆች ጋር ሆኖ «ሴት ይህን አታይም፣ እኛ አለን» ብሎ መለሰኝ። አዳማ ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ። «ምንም አልተሰቃየም» አሉኝ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ እንዲህ የቆሰለ ሰው በራሱ ጎንበስ ብሎ ከተቀመጠ ተዉት። ደግፋችሁ እንደዚያው ውሰዱት።

እሑድ ግርማ ጋ ደወልኩ።

«ታደሰን እንዴት አድርጋችሁ ነው የወሰዳችሁት?»

«አስተኝተን ነዋ፣ እትዬ። የቆሰለ ሰው ይቀመጣል እንዴ?»

«ዝም ብሎ ተኛ?»

«ይነሳ ነበር። አንዴ እኔን ገፍትሮ ተነሳ። ለሦስት ያዝነው።»

«ሐኪሙስ?»

«ደሙ አፈነው አለ። ለማንም እንዳንናገር ተማማልን። ለአንቺ ብለን ነው።»

አለማወቃቸውን ችዬዋለሁ፤ ማንም ያስተኛው ነበር። ግን እነዚያ ሦስቱ ሐዘን ቤት አጠገቤ ተቀምጠው «ቀኑ ደርሶ ነው» ሲሉኝ ሰነበቱ፤ እኔም እጃቸውን ይዤ አመሰገንኳቸው።

«አገሬ ልግባ» አልኩት።

«እዚህማ ማን አለሽ፣ እትዬ?» አለኝ ወንድሜ።